«ራሴን» ስትሉ «ጡቴንም» በሉ

(በጥቅምት ወር፣ በጎንደር ከተማ በአንድ የሴቶች ዕድር ስብሰባ ላይ አንዲት ነርስ ያደረገችው ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ? እንደምን ዋላችሁ እህቶቼ? ከበሩ ጋ የቆማችሁ አባቶችና ወንድሞች፣ እባካችሁ ገባ በሉ፤ ይህ የሴቶች ጉዳይ ብቻ አይደለም። መስኮቱ ጋ ቦታ አለ። እማማ፣ እርስዎ እዚህ ከፊት ይቀመጡ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዕድራችን ሲጠራኝ «ስለ ጡት ካንሰር አንድ ነገር በይን» ነው የተባልኩት። ጥቅምት በመጣ ቁጥር ጡታችሁን ዳብሱ፣ እብጠት ካገኛችሁ ቶሎ ሂዱ ስንላችሁ ኖረናል። ዛሬም እላለሁ። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙት ካንሰሮች ሁሉ የጡቱ ይበዛል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት በዓመት 16,000 ገደማ ሴቶች እንደ አዲስ ይያዛሉ። ዛሬ ግን የማወራው በየዓመቱ ስለማንናገረው ነገር ነው። ታክማ ስለተመለሰችው ሴት ነው። ጸጉሯ በቅሎ፣ ሰውነቷ ተመልሶ፣ ጥምቀት ላይ ነጭ ለብሳ ስለወጣችው። ከዓመታት በኋላ ያ ካንሰር ወደ አንጎሏ ቢወጣ በምን ታውቃለች? ቤተሰቧስ በምን ያውቃል?

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ከጡት ተነሥቶ ራስ ላይ እንዴት እንደሚደርስ። ሁለተኛ፣ ምልክቱንና እኛ ለምልክቱ የምንሰጠውን ስም። ሦስተኛ፣ ሕክምናውን። ከሁሉ በፊት ግን ስለ እህቴ ልንገራችሁ፤ እሷን ሳላነሳ ይህን ነገር መናገር አልችልም።

ታላቄ ናት። «እታለም» ነበር የምላት። አዘዞ ነው የኖረችው። በርበሬዋን የቀመሰ ሰው ሌላ አይገዛም ነበር። ጡቷ ላይ እብጠት ወጣና አዲስ አበባ ሄደች፤ ጡቷን በቀዶ ሕክምና አወጡላት፣ ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒትም ወሰደች። ከባሏና ከእኔ በቀር ያወቀ ሰው የለም። ለጎረቤት «ጨጓራዬን ታክሜ ነው» አለች። በቀኝ በኩል በጨርቅ የሰፋችውን ጡት እያደረገች ቤተ ክርስቲያን ትስም ነበር። አራት ዓመት በደኅና ኖረች።

በአምስተኛው ዓመት፣ በፍልሰታ ጾም፣ ራሷን ያማት ጀመር። ሌሊት ያስነሳታል፣ ጠዋት ይብሳል፣ ረፋድ ላይ ቀለል ይላል። ጾሙ ነው ተባለ። ጾሙ ተፈታ፣ ሕመሙ አልተፈታም። ማስታወክ ተጨመረ። አንድ ክሊኒክ ሄደች፤ «ታይፎይድ ነው» ተብላ መድኃኒት ይዛ መጣች። ሌላ ክሊኒክ ሄደች፤ «ሳይነስ ነው» አሏት። በሁለቱም ቦታ ጡቷን ታክማ እንደነበር አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። በኋላ ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ «ለራስ ምታት ሄጄ የጡቴን ምን አመጣው?» አለችኝ።

እናቶቼ፣ እኔስ? እኔ ያን ጊዜ ደባርቅ ነበር የምሠራው። በስልክ ነግራኛለች። ነርስ ነኝ፣ የጡቷን ነገር አውቃለሁ፣ ሆኖም «ቡና አቁመሽ ይሆናል፣ ውሃ ጠጪ» አልኳት። ነርሷ እህቷ እንዲህ አልኳት። ይህን የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ከእናንተ መካከል ነገ እህቷ የምትደውልላት ሴት ስላለች ነው።

እሺ፣ ወደ አንደኛው ነጥብ ልግባ። ከጡት እንዴት ራስ ላይ ይደርሳል?

በ1889 እ.ኤ.አ. ስቴፈን ፓጄት የሚባል እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በጡት ካንሰር የሞቱ የ735 ሴቶችን መዝገብ አገላበጠ። ካንሰሩ እንደ አቧራ በነፋስ ተበትኖ ያገኘው ቦታ ሁሉ የሚያርፍ አልመሰለውም፤ የሚመርጠው አካል አለ። ዘርና አፈር ነው አለ። ይህን ለደምቢያ ሰው ማስረዳት አይከብደኝም። ሽምብራውን የት ትዘራዋለህ ብትሉት መረሬው ላይ፣ ክረምቱ ሲወጣ ይላችኋል። ጤፍና ዳጉሳም የየራሳቸው መሬት አላቸው። የጡት ካንሰር ሕዋስም ከእብጠቱ ተነሥቶ በደም ሥር ይጓዛል፤ አብዛኛው መንገድ ላይ ይሞታል። አፈር ካገኘ ግን ይበቅላል። አጥንት፣ ሳንባ፣ ጉበት፣ አንጎል ለእሱ አፈር ናቸው። አንዳንዱ ደግሞ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል። ለዚህ ነው በአራተኛው፣ በአምስተኛው፣ በአሥረኛውም ዓመት የሚነሳው።

አንድ ነገር ያዙልኝ፤ አንጎል ላይ የበቀለው ያው የጡቱ ካንሰር ነው። «አሁን ደግሞ የአንጎል ካንሰር ያዛት» የሚል ሰው ብዙ ነው። አይደለም። የሽምብራ ዘር የትም ቢወድቅ ሽምብራ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ መድኃኒት ሲመርጥ የጡቱን ናሙና ውጤት ወረቀት ማየት ይፈልጋል። ወረቀቱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አንጎላችን ብቻውን አልተቀመጠም፤ ሦስት ልባስ ለብሷል። የውጪው እንደ ጋቢ ወፍራምና ጠንካራ ነው። የመካከለኛው እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ ነው፣ በላቲኑም ስሙ ከሸረሪት የመጣ ነው። የውስጠኛው አንጎሉ ላይ እንደ እርጥብ ነጠላ ልጥፍ ያለ ነው። የጥንት ሐኪሞች የውጪውን «ጽኑ እናት»፣ የውስጡን «ርኅሩኅ እናት» ብለው ነው የሰየሟቸው። በሁለቱ ስሱ ልባሶች መካከል ንጹሕ ውሃ ይፈሳል፤ አንጎልንም ሰረሰርንም ያጥባል። 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ ሁለት የቡና ስኒ ያህል። ማጅራት ገትርን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማጅራት ገትር የሚይዘው እነዚህኑ ልባሶች ነው። አሁን ደግሞ የካንሰር ሕዋስ እዚያ ውሃ ውስጥ ገባ በሉ። ውሃው ይዞት ይዞራል፤ ከላይ ዐይንና ፊትን የሚያዝዙ ነርቮች ላይ፣ ከታች እግርና ፊኛን የሚያዝዙ ነርቮች ላይ ይዘራዋል።

ስለ ግንባችን ልጠይቃችሁ። የፋሲል ግቢ ቅጥር ስንት በር አለው? (ከተሰብሳቢው «አሥራ ሁለት» የሚል መልስ) አዎ፣ 12። ፊት በር፣ እንቆዬ በር፣ ባልደራስ በር፣ እያለ ይሄዳል። ድሮ ሰው እንደ ማዕረጉ በየበሩ ይገባ ነበር እንጂ ዝም ብሎ አይገባም ነበር። አንጎልም እንዲህ ያለ ቅጥር አለው። በ1885 እ.ኤ.አ. ፖል ኤርሊክ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ቀለም በእንስሳት ደም ውስጥ ጨመረ፤ ሰውነታቸው ሁሉ ተቀለመ፣ አንጎላቸው ግን ነጭ ሆኖ ቀረ። የአንጎል የደም ሥሮች በር ጠባቂ አላቸውና ነው። ይህ ጠባቂ ከመርዝ ያድነናል። ግን መድኃኒትንም ይከለክላል! ኬሞው ጉበቱንና ሳንባውን ሲያጸዳ፣ ቅጥሩን አልፎ የገባው ጥቂት ሕዋስ መድኃኒት በማይደርስበት ቦታ ተሸሽጎ ያድጋል። ለዚህ ነው አንዲት ሴት ሌላው ሰውነቷ ደኅና ሆኖ፣ ወዝ እያላት፣ ራሷ ውስጥ ካንሰር ሊገኝ የሚችለው። «ፊቷ እንዲህ እያበራ ምን ካንሰር አለባት?» አትበሉ።

ላስደነግጣችሁ አልፈልግም። ጡቷን ከታከሙት ሴቶች አብዛኞቹ ይህ አይደርስባቸውም። አደጋው የሚበዛው ካንሰሩ አስቀድሞ ወደ ሌላ አካል በተዛመተባቸው ላይ ነው። ከእነሱም ውስጥ «ኸር-ቱ ፖዘቲቭ»፣ ማለትም ኸር-ቱ የሚባል ፕሮቲን የበዛበት፣ እና «ትሪፕል ኔጋቲቭ»፣ ማለትም ኸር-ቱን ጨምሮ በናሙናው የሚፈለጉት ሦስት ምልክቶች የሌሉበት፣ የሚባሉት ዓይነቶች አንጎልን ይወዳሉ፤ በነዚህ ሁለቱ ከተዛመተባቸው ሴቶች ከሦስቱ አንዷን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ አንጎሏ ላይ ይገኛል። ልባሱን የሚይዘው ግን ያነሰ ነው፣ ከተዛመተባቸው ከ100 ሴቶች 5 ገደማ።

ሁለተኛው ነጥብ ምልክቱ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልናገር፤ ሰው የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

ራስ ምታት ሁሉ ካንሰር አይደለም። ማንኛችን ነን ራሳችንን ያላመመን? የምላችሁ ይህን ነው፤ ጡቷን የታከመች ሴት፣ ከዚህ በፊት የማታውቀው ዓይነት ራስ ምታት ሲጀምራት፣ ጠዋት ጠዋት ሲብስባት፣ ቀን በቀን እየጨመረ ሲሄድ፣ ማስታወክ ሲከተለው፣ ይህ «ፓናዶል ዋጪ» የሚባልበት አይደለም። አንድ እጅ ወይም አንድ እግር ሲከዳ፣ ስትሄድ እንደ ሰከረ ሰው ስትንገዳገድ፣ ቃል ሲጠፋባት፣ ስትንቀጠቀጥ፣ እንዲሁ ነው። ልባሱ ሲያዝ ደግሞ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያታል። አፏ ወደ አንድ ጎን ይጣመማል፣ አገጯ ይደነዝዛል፣ ጆሮዋ ይደክማል። ወገቧን ይዞ እግሯ ድረስ የሚወርድ ሕመም ይመጣል። ሽንቷ ያመልጣታል፤ ይህን ደግሞ ከኀፍረት የተነሣ ለማንም አትናገርም።

እኛስ ይህን ምን እንለዋለን? አፏ ሲጣመም ምች ነው። ሲያስታውካት የሰው ዐይን ነው። ጠባይዋ ሲለወጥ መተት ነው።

የጠባይዋን ልንገራችሁ። እታለም በዕድሜዋ ሰው ተሳድባ አታውቅም። በመስከረም ወር ለልጇ የማትለው ቃል ከአፏ ወጣ። ወጥ ላይ ጨው ሁለት ሦስት ጊዜ ትጨምራለች። ምጣዱን ጥዳ እሳቱን ትረሳለች። ልጇ እያለቀሰች «እናቴ ጠላችኝ» አለችኝ። ሕመሙ የአንጎሏን የፊት ክፍል ተጭኖት ነበር እንጂ አልጠላቻትም። እናንት ልጆች፣ እናንት ባሎች፣ ስሙኝ፤ የምታውቋት ሴት የማታውቋት ስትሆን አትቀየሟት። ሐኪም ጋ ውሰዷት!

ጎረቤት መክሮ ጸበል ወሰዷት። እኔም እጠመቃለሁ፣ ልጆቼንም አስጠምቃለሁ፤ በጸበል ላይ የምናገረው ነገር የለኝም። ግን እዚያው ወድቃ ተንቀጠቀጠች፤ አንዳንዱ «መንፈሱ ነው» አለ፣ አንዱ ሮጦ ክብሪት ለኩሶ አፍንጫዋ ሥር ያዘላት። ካህኑ ናቸው «ይህ ሕመም ነው፣ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት፣ ጸሎቱን እኛ አንተውም» ያሉት። እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ ከእኔ ከነርሷ ቀድመው ያዩት እሳቸው ናቸው።

ሰው ሲንቀጠቀጥ ምን ታደርጋላችሁ? ክብሪት አታጭሱ። አፏ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አትክተቱ። እጅና እግሯን ጨምቃችሁ አትያዙ። በአካባቢዋ ያለውን ድንጋይና እሳት አርቁ፣ ጋቢ ጠቅልላችሁ ከራሷ ሥር አድርጉ፣ ሲተዋት በጎኗ አስተኟት። ሰዓት ተመልከቱ፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ መኪና ጥሩ። ለመጀመሪያ ጊዜዋ ከሆነ ቢተዋትም ውሰዷት።

አሁን የመጣሁበትን አንድ ነገር ልናገር። እህቴ ሁለት ክሊኒክ ሄዳለች። ሁለቱም ቦታ አንድ ዓረፍተ ነገር ብትናገር ኖሮ መንገዱ ይለወጥ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ምንድን ነው? «የጡት ካንሰር ታክሜአለሁ።» ይኸው ነው። ካርድ ክፍል ስትደርሱ ተናገሩት። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ፣ ስለ ራስ ምታታችሁ ከመናገራችሁ በፊት ተናገሩት። ሳትጠየቁ ተናገሩት። ከስድስት ዓመት፣ ከአሥር ዓመት በኋላም ተናገሩት። እስቲ አብረን እንበለው፤ የጡት ካንሰር ታክሜአለሁ! (ተሰብሳቢው ይደግማል።) ድምፃችሁ ዝቅ አለ። ለምን? ይህ ስርቆት ነው? ይህ ነውር ነው? እንደገና! (ተሰብሳቢው ጮክ ብሎ ይደግማል።) እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

በዚህ አዳራሽ የሙያ ጓደኞቼን አያለሁ፣ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼንም አያለሁ። የዛሬው ዩኒቨርሲቲያችን ደምቢያን ወባ ባረገፈው ማግሥት፣ በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሆኖ ተከፈተ። ከዚያ የወጡት ሠልጣኞች በየቀበሌው እየዞሩ፣ ቤት እያንኳኩ፣ እየጠየቁ ነው የሠሩት። እኛም እንጠይቅ። ራሴን አመመኝ ለምትል ሴት «ከዚህ በፊት የታከምሽው ነገር አለ? ጡትሽንስ?» ማለት የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። የታይፎይዱን ምርመራ ከማዘዛችን በፊት እንጠይቃት።

ሦስተኛው ነጥብ ሕክምናው ነው። መጀመሪያ መታየት አለበት። በኤምአርአይ፣ ካልተገኘም ከለር መድኃኒት ተሰጥቶ በሚነሣ ሲቲ ስካን ይታያል። ልባሱ ከተጠረጠረ ከወገብ ውሃ ይወሰዳል። «ከጀርባ ውሃ መውሰድ ሽባ ያደርጋል» ሲባል ሰምታችኋል? እኔ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! መርፌው የሚገባው ሰረሰሩ ካበቃበት ቦታ በታች ነው። ደግሞም አንድ ጊዜ ተወስዶ «ምንም የለም» ቢባል በዚያ አይቆምም፤ የመጀመሪያው ናሙና ግማሽ ያህሉን ሳያሳይ ያልፋል፣ ስለዚህ ሐኪሙ ዳግመኛ ቢጠይቅ አትከልክሉት።

ከዚያ ዴክሳሜታዞን ይሰጣል። በአንጎል ውስጥ ያለውን እብጠት ይቀንሳል፤ በአንድ በሁለት ቀን ራስ ምታቱ ሲለቅ ሰው ዳነች ብሎ ያጨበጭባል። ካንሰሩን አላጠፋውም። ጠዋት፣ ከምግብ ጋር ትውሰደው፤ ስኳር ይጨምራልና ስኳር ያለባት ትናገር፤ በድንገት ደግሞ አታቁሙት። እብጠቱ አንድ ከሆነና ለእጅ የሚመች ቦታ ላይ ከሆነ ቀዶ ሕክምና አለ። ጥቂት ነጥቦች ከሆኑ በነሱ ላይ ብቻ የሚያነጣጥር ጨረር አለ፤ ብዙ ከሆኑ ለመላው አንጎል ጨረር ይሰጣል። ልባሱ ከተያዘ መድኃኒት በቀጥታ ወደዚያ ውሃ የሚጨመርበት መንገድ አለ። ለዚህ ብሎ ከራስ ቆዳ ሥር የምትቀበር ትንሽ ከረጢት የሠራው አዩብ ኦማያ የተባለ ፓኪስታናዊ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ነው፣ በ1963 እ.ኤ.አ.። ለኸር-ቱው ዓይነት ደግሞ ቅጥሩን የሚያልፉ እንክብሎች መጥተዋል፤ ቱካቲኒብ የሚባለው በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ዋጋው ለእኛ ቤት የሚቀመስ አይደለም። ይህን መደበቅ አልችልም፣ ያናድደኛልም። መድኃኒቱ እያለ የኛ ሴቶች ስሙን ብቻ ሰምተው መሞት የለባቸውም።

ያድናል ወይ? እውነቱን እነግራችኋለሁ። አንጎል ላይ የወጣ እብጠት ኖሮባቸው፣ ታክመው ዓመታት የኖሩ ሴቶች አሉ። ልባሱ ከተያዘ ግን ያልታከመች ሴት ዕድሜ በሳምንታት ይቆጠራል፤ ስትታከም ብዙ ጊዜ ወራት ነው፣ ለአንዳንዷም ይረዝማል። ስለዚህ በሬ ሸጣችሁ፣ አዲስ አበባ ድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁት፤ ይህ ሕክምና ምን ይሰጣታል? ጊዜ ነው? ከሕመም ማረፍ ነው? መራመድ ነው? መጠየቅ ድፍረት አይደለም። መልሱ ማረፍ ብቻ ከሆነ፣ እሱም ሕክምና ነው። የሚጠጣ ሞርፊን አለ። ሕመም ይዞ መጮኽ የማንም ዕጣ መሆን የለበትም።

እሷንስ እንንገራት ወይስ እንደብቃት? እኛ እኮ መርዶን እንኳ ጎህ ሳይቀድ፣ ዘመድ ሰብስበን የምንናገር ሕዝብ ነን። ክፉ ወሬ ስናደርስ ወግ አለን። ለታማሚዋ ግን ወጉን እንነፍጋታለን፤ ሁሉም ያውቃል፣ እሷ ብቻ አታውቅም። እታለም አንድ ማታ እጄን ይዛ «ራሴ ውስጥ ገብቷል አይደል?» አለችኝ። ባሏ በዐይኑ ከለከለኝ። እኔ «አዎ እታለም» አልኳት። ጥቂት ዝም አለችና፣ «እኔማ ያበድኩ መስሎኝ ነበር» አለች። የፈራችው ካንሰሩን አልነበረም፤ እብደቱን ነበር። ከዚያ ልጇን አስጠርታ ይቅርታ ጠየቀቻት። ኅዳር ላይ ጨረሩን ወሰደች። ጥር ላይ በፋሲለደስ መዋኛ ዳር ወንበር አውጥተንላት ታቦቱ ሲወጣ አየች። የካቲት ላይ ልጇን በርበሬ አስደልዛ፣ ቅመሙን በጣቷ እያሳየች አስተማረቻት። ግንቦት ላይ ዐረፈች።

ከአርባዋ በኋላ ሙዳይዋን ከፈትን። ከጆሮ ጌጧ ሥር፣ በነጭ መሐረብ የታሰረ ወረቀት አገኘን። የጡቷ ናሙና ውጤት ነው። አዲስ አበባ ሐኪሞቹ ደጋግመው ሲጠይቋት «ጠፍቷል» ያለችው። ሁለተኛው ገጽ ላይ «ኸር-ቱ ፖዘቲቭ» ይላል። የትኛው መድኃኒት እንደሚስማማት፣ አንጎሏ እንዲጠበቅ የሚናገረው ወረቀት፣ ስድስት ዓመት ያህል ሙዳይ ውስጥ ነበር። ይኸው፣ ይዤው መጥቻለሁ። እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል።

እናቶቼ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ያላችሁ ከሙዳዩ አውጡት። ፎቶ አንሥታችሁ ለልጃችሁ ስልክ ላኩት። ቡናው ቀርቧል መሰለኝ፣ ጭሱ ይሸተኛል። እኔ እዚያ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር እቀመጣለሁ። ወረቀት የያዘች ትምጣ፣ ያልያዘችም ትምጣ፤ አንድ በአንድ አብረን እናነበዋለን።